ሁለቱ የደጋ ጉርጦች

የኦስጉድ ጉርጥና የማልኮልም ጉርጥ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም አይገኙም፤ የማልኮልም ጉርጥ እንዲያውም ከባሌ ተራሮች አይወጣም። የኦስጉድ ጉርጥ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1926 እና በ1927 ኢትዮጵያን በዞረው የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ተመራማሪ በዊልፍሬድ ኦስጉድ ስም ነው።

የሚለያዩት በአወላለዳቸው ነው። የኦስጉድ ጉርጥ እንቁላሉን ውሃ ውስጥ ይጥላል፤ ባለጭራ ልጆቹም እየዋኙ ያድጋሉ። የማልኮልም ጉርጥ ሴት እንቁላሏ የሚጸነሰው ግን ገና ሆዷ ውስጥ እያለ ነው፤ ይህ በጉርጦች ዘንድ እጅግ ብርቅ ነው። ጥቂት ትልልቅ እንቁላሎቿን እርጥብ መሬት ላይ ትጥላለች፤ ልጆቹም ሳይዋኙ፣ በአስኳሉ ስንቅ ብቻ አድገው ጉርጥ ይሆናሉ።

ከ1971 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. በባሌ 15 የመስክ ጉዞዎች ተደርገዋል። በ2013 የታተመው ውጤት ያስደነግጣል፤ ከ1995 ወዲህ የኦስጉድ ጉርጥ በእርግጠኝነት የታየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሰፊው ደጋ ይኖር የነበረው፣ በባሌ ብቻ ከተወሰነው ዘመዱ ቀድሞ ከዓይን ራቀ። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መድቦታል። የማልኮልም ጉርጥም ቁጥሩ ቀንሷል፤ አደጋ ካንዣበበባቸው ተርታም ተመዝግቧል። አጥኚዎቹ ለመመናመኑ ዋና ምክንያት አድርገው ያነሡት የሰው ቁጥር ሲጨምር የተጎዳውን መኖሪያ ነው። የጉርጥና የእንቁራሪት ቆዳ የሚያጠቃው ካይትሪድ ፈንገስም በባሌ ተገኝቷል፤ ይሁን እንጂ በዚያ የታመመም የሞተም አላጋጠማቸውም።

የባሌው ታሪክ በሰሜን ኢትዮጵያ ላለው ለዋግ ኽምራም ትምህርት አለው። ዋግ ኽምራ ከባሌ እጅግ ይደርቃል። በሰቆጣ ዙሪያ ሐምሌና ነሐሴ ያቆሩትን ውሃ መስከረም ካለፈ በኋላ ፀሐይ ትጨርሰዋለች፤ በውሃ የሚራባ ጉርጥ ልጆቹን ማድረስ ያለበት በዚያች አጭር ጊዜ ነው። በሰሜኑ ደጋ የሚኖረውና በ1982 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ የተመዘገበው የአስመራ ጉርጥ ዛሬ የማያሰጋ ተብሎ ተመድቧል። ይህ ምድብ ግን ስለ ዝርያው በጠቅላላው እንጂ ስለ አንዱ ወንዝ ወይም ስለ አንዱ ኩሬ አይናገርም። የኦስጉድ ጉርጥ መመናመን የታወቀው ለዓመታት የተመዘገበ ቆጠራ ስለነበረ ነው። የሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል በየክረምቱ መግቢያ፣ በምሽት፣ በተወሰኑ ኩሬዎችና ምንጮች ያሉትን ጉርጦች ቢቆጥር ዋግም እንዲህ ያለ መዝገብ ይኖረዋል። ሥራው ባትሪ፣ ደብተርና በየዓመቱ ወደዚያው ቦታ የሚመለስ ሰው ይበቃዋል።