ከአገልግሎት ክልል ውጪ

በዚህ ዓምድ በየሳምንቱ አንድ አንድ ቃል እያነሣን ትርጉሙን እንነጋገራለን። የዛሬውን ቃል የሰጡን አንዲት እናት ናቸው። ፊደል የቆጠሩት በቅርቡ ነው። ደብዳቤውን ግን በገዛ እጃቸው ጽፈው ላኩልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው ሪያድ ይሠራል። እሳቸው የሚኖሩት ሰሜን ሸዋ፣ ገደል ሥር ባለ መንደር ነው። ልጁ ሦስት ቀን ሙሉ ደወለ። በደወለ ቁጥር ስልኩ ዝግ ነው ወይም ከአገልግሎት ክልል ውጪ ነው የሚል ድምፅ ይሰማል። በአራተኛው ቀን እናቴ አንድ ነገር ሆናለች ብሎ ከገደሉ አፋፍ ላይ ለሚኖሩት አጎቱ ደወለ። አጎትየው እየሮጡ ወረዱ። እናትየውን እንጀራ ሲጋግሩ አገኟቸው!

«እኔ ደህና ነኝ፤ ስልኩንም አልዘጋሁም» ይላሉ በደብዳቤያቸው። «ታዲያ ልጄን ለምን እንዲህ አስደነገጡት?»

መልሱን ከሥሩ እንጀምር። ብዙ ሰው ድምፁ ከሪያድ ተነሥቶ በሰማይ በርሮ እናትየው ስልክ ላይ የሚያርፍ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። የእጅ ስልክ አቅሙ ትንሽ ነው። በሬዲዮ ሞገድ የሚነጋገረው በአቅራቢያው ካለው ማማ ጋር ብቻ ነው። ማማ የምንለው ኮረብታ ላይ የሚተከለውን ረጅም ብረት ነው፤ አንቴናዎቹ እሱ ላይ ይሰቀላሉ። ከማማው ወዲያ ድምፁ በገመድ ወይም ከማማ ወደ ማማ እየተቀባበለ ይጓዛል። ባሕር የሚሻገረውም አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ሥር በተዘረጋ ገመድ ነው። ስለዚህ ገመድ የሌለው መንገድ አጭር ነው፦ ከእጃችን እስከ ማማው።

አንቴናው የሚሸፍነው መሬት ሴል ይባላል። የማር እንጀራ አይታችኋል? ትንንሽ ክፍሎች ጎን ለጎን ተጣብቀው ሰፌድ ያህል ይሰፋሉ። አገርም እንዲሁ በሴል ተከፋፍሏል። እኛ የስልኩን ዕቃ ቀፎ እንለዋለን። ቀፎውን የሚመስለው ግን በእጃችን ያለው ሳይሆን የቆምንበት መሬት ነው።

ለምን ተከፋፈለ? የሬዲዮ ሞገድ እንደ ልብ አይገኝም። ሁለት ሰዎች በአንድ ሞገድ አጠገብ ላጠገብ ቢናገሩ ድምፃቸው ይደበላለቃል። ቢራራቁ ግን አይሰማሙም። ስለዚህ አንዱ ሴል የያዘውን ሞገድ ራቅ ያለ ሌላ ሴል ደግሞ ይጠቀምበታል። ይህን ሐሳብ በ1940 ዓ.ም. በወረቀት ያሰፈሩት አሜሪካ በሚገኘው በቤል የምርምር ተቋም የሚሠሩ መሐንዲሶች ናቸው። ማርቲን ኩፐር የተባለው መሐንዲስ ኒው ዮርክ መንገድ ላይ ቆሞ በእጅ ስልክ የደወለው በ1965 ዓ.ም. ነው። ወደ አዲስ አበባ የመጣው በ1991 ዓ.ም. ነው።

አሁን ወደ እናትየው እንመለስ። ስልክ ባንናገርበትም ዝም ብሎ አይቀመጥም። እዚህ አካባቢ ነኝ እያለ ለማማው ያስታውቃል። ማንነቱ የሚታወቀው በውስጡ ባለችው በሲም ካርዷ ነው። ከሪያድ ሲደወል መሥሪያ ቤቱ ስልኩ መጨረሻ የታወቀበትን አካባቢ ይመለከታል። ከዚያ እዚያ ያሉት ማማዎች «የት ነህ?» እያሉ ይጣራሉ። ስልኩ ከሰማ ይመልሳል፤ ይጮኻል። ካልሰማ መልስ የለም። ገደሉ ሞገዱን ከጋረደው ስልኩ በርቶም አይሰማም። ስልኩ ተዘግቶ ይሁን ገደል ከልሎት ሁልጊዜ በርግጥ አይታወቅም። «ዝግ ነው ወይም ከክልል ውጪ ነው» የሚባለውም ስለዚህ ነው። ድምፁ የሚያወራው ስለ ቀፎው ነው። ስለ ባለቤቱ ጤንነት የሚያውቀው ነገር የለም። እኛ ብንጠየቅ «ስልኩ አልተገኘም» ቢባል ይሻል ነበር እንላለን።

ታዲያ ምን ይደረግ? እናትየው ማማው ወደሚታይበት ጉብታ ሲወጡ ስልኩ ይሠራል። ገደል ሥር ግን ባትሪውም ቶሎ ያልቃል፤ ማማው ሲርቅበት ወይም ሲጋረድበት ስልኩ ኃይሉን ጨምሮ ይጣራልና። የገበያ ቀን የሚያጋጥመው ችግር ግን ሌላ ነው። ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ጥሪ እምቢ የሚለው ብዙ ሰው በአንድ ሴል ሲጨናነቅ ነው። ያን ጊዜ ትንሽ ቆይቶ መደወል እንጂ ጉብታ መውጣት ላይረዳ ይችላል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ሌላ ነው። እናትየው አሁን ይጽፋሉ! የጽሑፍ መልእክት እንደ ጥሪ አይደለም። ተቀባዩ ባይገኝ ወዲያው አይጠፋም። ለተወሰነ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ዘንድ ተቀምጦ ይጠብቃል። ስልኩ ማማ ሲያገኝ ይደርሳል። ልጁም ያን ጊዜ ቢጽፍላቸው ኖሮ ጉብታው ላይ ሲወጡ ያነቡት ነበር። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ምልክት ይይዛል። በእኛ ፊደል 70 ነው። ክፍት ቦታውም፣ አራት ነጥቡም ይቆጠራል። ከ70 ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይታሰባል። ስለዚህ ለእኚህ እናት ይህን አዘጋጅተናል፦

«ደህና ነኝ ልጄ። ቤቱ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ማታ በ1 ሰዓት ጉብታው ላይ እሆናለሁ። ያኔ ደውል።»

ቆጥረነዋል፤ 61 ነው። ሰዓቱ የሪያድም የእኛም አንድ ስለሆነ ልጁ አይሳሳትም። በቀሩት 9 ምልክቶች ምን እንደሚጨምሩ እሳቸው ያውቃሉ።