ከዳተኛ ላላችሁኝ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ የሥነ ጽሑፍ ክበባችን ስብሰባ ሲበተን አንድ ጓደኛዬ በሩ ላይ ቆሞ፣ «የሆመቾው ልጅ ብዕሩን ለመርፌ ሸጠ!» አለ። ሁላችሁም ሳቃችሁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሰው ሲስቅብህ አብሮ መሳቅ ይቀላል። ዶርም ከገባሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በአፍ ክርክር እንደማይሆንልኝ ታውቃላችሁ፤ ገና አንድ ስል ሦስት ሆናችሁ ትጮኹብኛላችሁ። ስለዚህ መልሴን በጽሑፍ አቅርቤአለሁ። አዘጋጆቹ ሳትቆርጡ እንድታወጡልኝ አደራ።

ክሱ ይህ ነው፦ «ግጥም ይጽፋል፤ ግጥሙም ይወደድለታል። ሆኖም ትምህርት ክፍል ሲመርጥ ሕክምናን አንደኛ ብሎ ሞላ። ልቀይር ብሎ ማመልከት ይችል ነበር፤ አላመለከተም። እንጀራን ከጥበብ አስበለጠ።» ሕክምናን አንደኛ ማለቴ እውነት ነው። አለማመልከቴም እውነት ነው። የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ግን አልቀበልም፤ ጠቡም በእሷ ላይ ነው።

ለመሆኑ «ምርጫ» ስትሉ የትኛውን ማለታችሁ ነው? የእኔ ምርጫ ያለቀው ዘንድሮ አይደለም፤ 10ኛ ክፍልን ጨርሼ «ናቹራል ወይስ ሶሻል?» የተባልኩ ቀን ነው። ያን ጊዜ ጎበዝ የተባለው ሁሉ ናቹራል ገባ። ሶሻል የገባውን «ምን ነካው?» አሉት። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የ70 በ30 መመሪያ ከመቶ ተማሪ ሰባው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስና ወደ ሥነ ሰብእ ይግባ የሚል ነበር። ለአገር ልማት ታስቦ ነው፤ ይሁን። እኛ ልጆቹ ዘንድ ሲደርስ ግን ትርጉሙ ሌላ ሆኖ ነበር፦ ሰባው የጎበዝ፣ ሠላሳው የሰነፍ። ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የወደቀ ሰው መጠለያ ተደርጎ ተቆጠረ። ይህን የፈረድሁት እኔ ነኝ? የ16 ዓመት ልጅ ነበርኩ እኮ!

በዚያ ላይ ፈተናው አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እኔ በተፈተንኩበት በ2016 ዓ.ም. ቁጥሩ 5.4 በመቶ ሆነ። እናቴ መቶኛ አታውቅም፤ ከመቶ ልጅ አምስት ማለፉን ግን ታውቃለች፤ በየጎረቤቱ ያለቀሰውን ቆጥራለችና። እሷ ቅቤ ሸጣ ደብተር ገዝታልኛለች። ታላቅ እኅቴ እኔ እንድቀጥል ከ8ኛ ክፍል ቀርታ እናቴን እንሰት ትፍቅላታለች፤ ዛሬም እየፋቀች ነው። እንግዲህ ከአምስቱ አንዱ ሆኖ የተገኘ ልጅ ወደዚያ ቤት ገብቶ «ግጥም ልማር ነው» ለማለት ምን ዓይነት አንጀት ይፈልጋል? አዲስ አበባ ተወልዳችሁ፣ አባታችሁ ቤት መጽሐፍ መደርደሪያ ያለ ልጆች፣ በዚህ ጥያቄ ላይ ከመሳቃችሁ በፊት እስቲ አንድ ጊዜ ወሳ ለመጋገር ከሚፋቀው እንሰት ፊት ተቀመጡ።

አሁን ወደ ማስረጃችሁ ልምጣ። ሦስት ስም ትጠሩብኛላችሁ። አፈወርቅ ተክሌ በ1947 እ.ኤ.አ. የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ወደ እንግሊዝ ተልኮ ሠዓሊ ሆነ። ሙላቱ አስታጥቄ ምሕንድስና ይማራል ተብሎ ዌልስ ሄዶ ሙዚቀኛ ሆኖ ወጣ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሕግ አጥንቶ ቲያትርን መረጠ። እውነት ነው። አፈወርቅ ምሕንድስናውን ባይተው ኖሮ የአፍሪካ አዳራሽን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል አናይም ነበር። ሙላቱ መሐንዲስ ሆኖ ቢቀር ኢትዮ ጃዝ የሚባል ነገር ባልሰማን። ማንም ጤነኛ ሰው «ምነው ባልተዉት» አይልም።

ነገር ግን ወዳጆቼ፣ ታሪኩን ከመካከል አትጀምሩት። ምሕንድስናውን ለመተው መጀመሪያ ለምሕንድስናው መላክ ያስፈልጋል። አፈወርቅ ሐሳቡን ሲለውጥ ለንደን ውስጥ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ይጠብቀው ነበር፤ የሚደግፈውም ነበረ። ሙላቱም ከሙዚቃ ትምህርት ቤት ወደ ሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ከለንደን ቦስተን ተሻግሯል። እኔ ሕክምናውን ትቼ የምሻገርበት ድልድይ የት አለ? የሦስቱን ድፍረት አደንቃለሁ። ድፍረታቸውን ግን በእኔ እናት ቅቤ አትክፈሉት።

እስካሁን ያልኩት መከላከያ ነው። ድህነቴን ብቻ ብጠራ ግን ውሸታም እሆናለሁ። «ቢደላው ኖሮ ይተወው ነበር» ትሉኛላችሁ። ስለዚህ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገራችሁ።

አምና ክበቡ ውስጥ ያነበብኩትን «ቃሬዛ» የሚለውን ግጥም ታስታውሳላችሁ። ቆማችሁ አጨበጨባችሁለት። ግጥሙ የፈጠራ አይደለም። 9ኛ ክፍል ሳለሁ የጎረቤታችን ሚስት ምጥ ጠናባትና በሌሊት በቃሬዛ ተሸክመናት ወጣን። የክረምት ጭቃ ነበር፤ መኪና ከሚገኝበት መንገድ ለመድረስ ሦስት ሰዓት ፈጀብን። እኔ ባትሪ ያዥ ነበርኩ። ከሸካሚዎቹ ፊት ፊት እየሄድኩ «እዚህ ጋ ድንጋይ አለ፣ እዚህ ጋ ውሃ አለ» እላለሁ። ሴትዮዋ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም። አባትየው በነጋታው ወደ ቤታችን መጥቶ «ብርሃን ስለያዝክልን እግዜር ይስጥልን» አለኝ። እሱ ለእኔ ለልጁ ከመቀመጫው ተነሥቶ ነው ያመሰገነኝ።

ግጥሙን ባነበብኩ ማታ፣ ጭብጨባችሁ ሲያባራ፣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፦ ያቺ ሴት እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብትሆን ምን ትል ነበር? ምናልባት ታለቅስ ነበር። ምናልባትም «ጥሩ ተናግረሃል ልጄ፤ ግን የሚያዋልድ ሰው ነበር ያጣሁት» ትል ነበር። ግጥሙ ሐሰት አልነበረም። ከንቱም አልነበረም። ግን አልበቃም! ቅጹን ስሞላ ፊቴ ላይ የነበረው ይህ ነው። ይህን «እንጀራን አስበለጠ» ብሎ የሚጠራ ሰው እንጀራም ጥበብም አያውቅም።

ደግሞስ የትኛው እንጀራ? አጎቴ እንደ እናንተው ያስባል፤ ልዩነታችሁ እሱ መደሰቱ፣ እናንተ ማዘናችሁ ነው። «ልጄ፣ ግጥም ምን ያበላል? ዶክተር ስትሆን እናርፋለን» ይለኛል። ጋሼ፣ እርስዎም ይስሙኝ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች «ደመወዛችን አላኖረንም» ብለው ሥራ ያቆሙት እኔ ቅጹን ከመሙላቴ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። አውቄ ነው የሞላሁት። ሐኪም መሆን ቤተ መንግሥት መግባት አይደለም። ያለ ሥራ የተቀመጠ ሐኪም ባለበት አገር «ተግባራዊ ሙያ» የሚባለው ነገር ራሱ ሕልም ሆኗል።

በሐዲያና በከምባታ ያለው ወጣት ይህን ከእኛ ቀድሞ ተረድቶታል። ስለዚህም ጥበብንም ሙያንም ጥሎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳል። ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ፎቁን የሠራው ገጣሚው አይደለም፤ ሐኪሙም አይደለም፤ ጆሐንስበርግ ሱቅ ያለው ነው። መንገዱ ላይ የሚቀረውን ግን ማን ይቆጥራል? በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ውስጥ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን መሆናቸው ተነገረ። እንግዲህ የእኛ ሰፈር ልጅ ምርጫው በብዕርና በመርፌ መካከል ብቻ አይደለም። ሦስተኛው በር ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ደላላውም በሩ ላይ ቆሟል። እናንተ በሁለቱ በሮች መካከል እኔን ስትከሱ፣ አብረውኝ የተማሩት በሦስተኛው እየወጡ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እኔ የማልስማማው ከፍርዳችሁ ብቻ ሳይሆን ከጥያቄያችሁ ጋር ነው። «ጥበብ ወይስ ሙያ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ጥበብ የትምህርት ክፍል ስም ታደርጉታላችሁ። ኧረ ከመቼ ጀምሮ? ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲሰጡን በዲፕሎማትነት የኖሩ ሰው ነበሩ። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን የጻፈው የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባልደረባ ሆኖ፣ የቀይ ኮከብ ዘመቻን አሥመራ ሄዶ በዓይኑ ካየ በኋላ ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጣ፤ ታገደ፤ ሰውየውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ያን መጽሐፍ የሰጠው የመንግሥት ሥራው ነው፤ ዋጋውን ያስከፈለው ደግሞ ጥበቡ ነው። ሩሲያዊው ቼኮቭ ሐኪም ነበር፤ በ1890 እ.ኤ.አ. ሳካሊን ደሴት ድረስ ሄዶ እስረኞቹን ቤት ለቤት እየዞረ መዘገበ፤ ከዚያ መጽሐፍ ጻፈ። ሥራው ጽሑፉን አልበላበትም። የሚጻፍ ነገር ሰጠው እንጂ።

ከሩቅ ለምን እንሄዳለን? ሆሳዕና ያለው፣ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የሚያስተምርበት ሆስፒታል በማን ስም ነው የሚጠራው? በንግሥት እሌኒ። የሐዲያው ገራድ ልጅ ነበረች፤ ለልብነ ድንግል ሞግዚት ሆና አገር አስተዳድራለች፤ ወደ ፖርቱጋል መልእክተኛ ልካለች። የሃይማኖት ድርሰት ደራሲ እንደነበረችም ይነገርላታል። አገር ማስተዳደር ከዚህ ወዲያ ጊዜ የሚፈጅ ሙያ አለ? ከንግሥቲቱም ዝቅ ብለን እንይ። በያሆዴ ሌሊት ዜማውን የሚያወጣው ሰውዬ በነጋታው ከብት ይዞ ይወጣል። «የመስክ ሥራህን ካልተውህ ዘፈንህ እውነት አይደለም» ያለው ሰው ሆመቾ ውስጥ አልሰማሁም።

እናንተም እውነት የያዛችሁበት ቦታ አለ፤ አልክድም። ሕክምና ሰውን ይውጣል። አምስትና ስድስት ዓመት ሌሊቱም ቀኑም የእሱ ነው። «ከተመረቅሁ በኋላ እጽፋለሁ» ብለው የቀሩ ብዙ ናቸው። አንድ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪዬ «ድሮ እኔም እጽፍ ነበር» ሲለኝ ድምፁ ውስጥ የሰማሁት ነገር እስከ ዛሬ ያስፈራኛል። እንደሱ ልሆን እችላለሁ። ይህን ፍርሃት ከእናንተ አልደብቅም። ግን ከዚህ ፍርሃት የሚያድነኝ ትምህርት ክፍል መለወጥ አይደለም። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሆኖ አንድ መስመር ሳይጽፍ የሚመረቅ አላየንም? ስም አልጠራም፤ ይታወቃል።

ስለዚህ ከክሱ ይልቅ ሥራ እንሥራ። ሁለት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ክበባችን «ምን ትማራለህ?» ብሎ መጠየቁን ትቶ «ምን ጻፍክ?» ብሎ ይጠይቅ። ከጤና፣ ከምሕንድስና፣ ከግብርና የሚመጡት እንግዳ ተደርገው ከኋላ ወንበር መቀመጣቸው ይቅር። ቡሌቲኑም በየቁጥሩ አንድ ገጽ ለእነሱ ይስጥ፤ በሐዲይኛም በከምባትኛም ቢጻፍ ከነአማርኛ ትርጉሙ ይውጣ። እኔ በወሰድኳቸው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶች ውስጥ የእንግሊዝኛ መግባቢያ ነበረ፤ የአንድም ያገር ቋንቋ ሥነ ጽሑፍ አልነበረም። ግቢው ያልሰጠንን እኛው ለእኛው እንስጥ።

ሁለተኛ፦ ቲያትር የመረጠችውን እኅታችንን ቤተሰቦቿ «ጠፋች» እያሉ ሲያስጨንቋት ክበባችን ዝም ብሏል። በእኔ ላይ የሳቀ አንደበት ለእሷ ምነው ተሳሰረ? እሷ የመረጠችው መንገድ ከእኔ ይከብዳል። እሷን የሚከላከል ደብዳቤ ለቤተሰቧ እንጻፍ፤ እኔ በመጀመሪያ እፈርማለሁ። ሐኪም ሊሆን የሚማር ልጅ ፈርሞበት ሲያዩ ምናልባት ያነቡት ይሆናል።

በመጨረሻ በሩ ላይ ቆሞ ለተናገረው ጓደኛዬ፦ ብዕሬን አልሸጥሁም፤ ገዢም አልመጣበትም። አሥር ዓመት ስጠኝ። አሥር ዓመት ሞልቶ አንድም ነገር ጽፌ ካላገኘኸኝ፣ የምሠራበት ጤና ጣቢያ በር ላይ ቆመህ ያንኑ ቃልህን ጩኽ። ያን ጊዜ አልስቅም፤ መልስም አልሰጥህም። እስከዚያው ግን የቅዳሜ ወንበሬን እንዳትሰጡብኝ። በሚመጣው ሳምንት የማነበው አለኝ።

የሆመቾው ልጅ