ሁለት ቁልፍ ያለው ቤት

በባሕር ዳር ሹም አቦ ከሌሎች ተከራዮች ጋር በአንድ ግቢ የሚኖሩ እንደ ሆነ፣ የግቢው በር ቁልፍ በሁሉም እጅ ነው፤ የክፍልዎ ቁልፍ ግን ከኪስዎ አይወጣም። የዋይፋይ ራውተርም እንደዚሁ ሁለት ቁልፍ አለው። አንደኛው ኢንተርኔት የሚያስገባው የይለፍ ቃል ነው፤ ጎረቤት ሲጠይቅ መንፈግ ነውር ስለሚመስል ይሰጡታል። ሁለተኛው የራውተሩን መቆጣጠሪያ የሚከፍተው ነው። ይህ በብዙ ራውተሮች ላይ ከፋብሪካ «አድሚን» ተብሎ ስለሚመጣ፣ ሳይለወጥ ከቀረ ግቢ የገባ ሁሉ ክፍልዎን ይከፍታል። ክፉ ሰው ከሆነም የባንክዎን ገጽ ሲፈልጉ ወደ ሐሰተኛ ገጽ ሊመራዎ ይችላል። ስለዚህ መሣሪያውን በተከሉበት ዕለት፣ ከሥሩ የተጻፈውን አድራሻ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፣ በስልክዎ ብራውዘር ላይ ጽፈው ይግቡና ሁለተኛውን ቁልፍ ይለውጡ። አዲሱን ለወዳጅ እንኳ አይንገሩ።