በደኅንነት ግምገማ የወደቀ ተቋራጭ እንዴት ይመለስ?

የግንባታ ጨረታ ከዋጋ ፉክክር በፊት የሚያልፍበት በር አለ፤ የቅድመ ብቃት ግምገማ። አሠሪው መሥሪያ ቤት የተጫራቾችን ልምድ፣ የገንዘብ አቅም፣ የባለሙያና የመሣሪያ ይዞታ ይመዝናል። በውጭ ብድር በሚሠሩ ትልልቅ ፕሮጀክቶች ደግሞ የሠራተኞች ደኅንነት አያያዝ ከመመዘኛዎቹ አንዱ ሆኗል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ተጫራቾች በአካባቢ፣ በማኅበራዊ፣ በጤናና በደኅንነት ጉድለት ምክንያት የታገደባቸው ወይም የተቋረጠባቸው ውል ካለ እንዲያሳውቁ መጠየቁ የዚህ አዝማሚያ ምልክት ነው። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ እንደምትገኘው ጠዳ ባሉ ከተሞች የሚሠሩ አነስተኛ ተቋራጮችም፣ በንዑስ ተቋራጭነትም ሆነ በቀጥታ፣ ይኸው ጥያቄ ሲቀርብላቸው ብዙዎቹ በመጀመሪያው ሙከራ ሊወድቁ ይችላሉ። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ተቋራጩ ከወደቀ በኋላ የሚመርጠው መንገድ በአብዛኛው በገምጋሚው አጠያየቅ የሚወሰን መሆኑና የተለመደው አጠያየቅም ወደ ተሳሳተው መንገድ የሚገፋ መሆኑ ነው።

ሁለት መንገዶች

የወደቀ ተቋራጭ ፊት ለፊት ሁለት መንገዶች ይጠብቁታል። የመጀመሪያው አጭር ነው። ከሌላ ድርጅት የደኅንነት መመሪያ ቀድቶ ስሙን መቀየር፣ የሥልጠና መዝገብ ላይ ያልተሰበሰበ ስብሰባ ፊርማ ማስፈር፣ በአደጋ ቁጥር ሰንጠረዥ ላይ ዜሮ መጻፍና በሚቀጥለው ጨረታ በደንብ የተጠረዘ ሰነድ ይዞ መቅረብ። ሁለተኛው ረጅም ነው። ለምን እንደወደቀ መጠየቅ፣ ጉድለቱን በሥራው ቦታ ማረም፣ የታረመውን በቀንና በፎቶግራፍ መመዝገብ፣ ከዚያም የተለወጠውን ይዞ መመለስ። የመጀመሪያው በሳምንት ያልቃል፤ ሁለተኛው ቢያንስ አንድ የግንባታ ወቅት ይፈልጋል። ገምጋሚው ወረቀትን ብቻ የሚያይ ከሆነ፣ ሁለተኛውን መንገድ የመረጠ ተቋራጭ ጊዜውንም ገንዘቡንም ከስሮ ከቀጂው እኩል ነጥብ ያገኛል፤ እንዲያውም ሊያንስ ይችላል።

ዜሮ ምን ይናገራል?

ከመመዘኛዎቹ ሁሉ ይበልጥ አሳሳቹ የአደጋ ቁጥር ነው። ለአብነት 25 ሠራተኞች ያሉት ተቋራጭ ይወሰድ። እያንዳንዱ ሠራተኛ በዓመት 2,000 ሰዓት ቢሠራ ድምሩ 50,000 ሰዓት ይሆናል። በዓመቱ ውስጥ አንድ ሠራተኛ ብቻ ከሥራ የሚያስቀር ጉዳት ቢደርስበት፣ በአንድ ሚሊዮን የሥራ ሰዓት የሚሰላው የጉዳት መጠን 20 ነው። 500 ሠራተኞች ያሉት ድርጅት በዚሁ ስሌት 20 ላይ የሚደርሰው 20 ሰዎች ሲጎዱበት ነው። የሁለቱም እውነተኛ የአደጋ መጠን 20 ቢሆን እንኳ፣ በፑዋሶን ስሌት መሠረት ትንሹ ተቋራጭ በአንድ ዓመት ውስጥ በአጋጣሚ ብቻ ዜሮ የማስመዝገብ ዕድሉ 37 በመቶ ገደማ ነው፤ የትልቁ ግን ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ ለአነስተኛ ተቋራጭ የአንድ ዓመት ቁጥር ጥንቃቄውንም ቸልተኝነቱንም አያሳይም።

ነገሩን የሚያብሰው የመዝገብ ጉድለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ በጎንደር ከተማ የሕንፃ ግንባታ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ከተጠያቂዎቹ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ የሥራ ላይ ጉዳት እንደደረሰባቸው አመልክቷል። ይህ መጠን ለ25 ሠራተኞች ሲሰላ በዓመት ከስምንት በላይ ተጎጂ ማለት ነው። እርግጥ ጥናቱ የቆጠረው ጉዳት ሁሉ ሠራተኛውን ከሥራ የሚያስቀር አይደለም። ቢሆንም በዚህ አካባቢ ለተከታታይ ዓመታት ዜሮ የጻፈ ተቋራጭ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት መዝገቡን ማን እንደሚይዝለት ነው። አሁን ባለው አሠራር ግን ጣቱ የተቆረጠበትን ግንበኛ በሐቅ የመዘገበው ተቋራጭ ነጥብ ያጣል፤ ያልመዘገበው ያልፋል። ሐቀኛው ከዚህ የሚማረው በሚቀጥለው ጊዜ እንዳይመዘግብ ነው።

ወረቀቱ የማያየው ርብራብ

በሰሜን ጎንደር ደጋም ሆነ በጎንደር ዙሪያ የሚሠራ ሕንፃ ከባሕር ዛፍ እንጨት በተሠራ ርብራብ ተከቦ ይታያል። እንጨቱ በቅርብ ይገኛል፤ ዋጋውም ከብረት ይረክሳል። አደጋው ግን በእንጨቱ ላይ ብቻ የሚመሠረት አይደለም። በሚስማርና በገመድ የተያዘው መገጣጠሚያ፣ ዝናብ ያራሰው መሬት ላይ የቆመው እግር፣ የእጅ መደገፊያ የሌለው መረማመጃና ርብራቡ ስንት ሰው እንደሚችል የሚያሰላ ባለሙያ አለመኖሩ ናቸው ሰው የሚጥሉት። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ በምንጃር ሸንኮራ አረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተሠራ የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ከ30 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ለበዓል የመጡ ምእመናን ነበሩ። የራስ ቁርና የደኅንነት ጫማ ግዥ ደረሰኝ የሚጠይቅ መጠይቅ እንዲህ ያለውን አደጋ አያገኘውም። የሙያ ደኅንነት ትምህርት መከላከያዎችን በቅደም ተከተል ሲያስቀምጥ አደጋውን ከምንጩ ማስወገድን ቀዳሚ፣ የግል መከላከያ ዕቃን የመጨረሻ የሚያደርገውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ከወረቀቱ የሚያመልጠው የቅጥር ሁኔታ ነው። በአነስተኛ ግንባታ ግንበኞች፣ ፌሮ ሠራተኞችና አናጺዎች አብዛኛውን ጊዜ በቁርጥ ይሠራሉ፤ የቀን ሠራተኛውን የሚያመጣውም የሚያሰናብተውም ፎርማኑ ነው። ሰኞ የሠለጠነው ሐሙስ ላይኖር ይችላል። በዓመት አንድ ጊዜ የተሰጠ ሥልጠና በመዝገብ ላይ ቢያምርም፣ ዛሬ ጠዋት ወደ ሦስተኛው ፎቅ ለወጣው ወጣት የሚጠቅመው ነገር የለም።

ከውድቀት መመለሻው

ተቋራጩ መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ምክንያቱን በጽሑፍ መጠየቅና ጉድለቶቹን በሁለት መክፈል ነው፤ በሥራ ላይ ያለ ነገር ግን ያልተጻፈ አንደኛው፣ ጭራሹኑ የሌለ ሁለተኛው። የመጀመሪያው ዓይነት በቀናት ይስተካከላል። ሁለተኛውን ለመለየት ደግሞ ከውጭ የመጣ የናሙና ሰነድ አያስፈልግም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የአሠሪውን ግዴታዎች ዘርዝሯል፤ ሠራተኞችን ስለ ሥራቸው አደጋ ማስገንዘብ፣ የደኅንነት ኃላፊ መመደብ፣ ኮሚቴ ማቋቋም፣ የመከላከያ ዕቃ ማቅረብ፣ አደጋን መመዝገብና ማሳወቅ ከነዚህ መካከል ናቸው። ይህን ዝርዝር ይዞ በራሱ የሥራ ቦታ የሚዞር ተቋራጭ የወደቀበትን ምክንያት ገምጋሚው ከጻፈለት በተሻለ ያገኘዋል።

ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉ በሚገድለው አደጋ መጀመር አለበት፤ ከከፍታ መውደቅ፣ የቦይ መደርመስ፣ የኤሌክትሪክ መስመር። ርብራቡን በየሳምንቱና ከዝናብ በኋላ የሚፈትሽ አንድ የተሰየመ ሰው፣ ከሥራ በፊት ፎርማኑ የሚሰጠው የአምስት ደቂቃ ማስገንዘቢያ፣ ለጥቂት የተረፉ አደጋዎች የሚጻፉበት አንድ ደብተር ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። በሚቀጥለው ጨረታም ጠንካራው ማስረጃ ይኸው ደብተር ነው፤ የተገኘውን ጉድለት፣ ያረመውን ሰውና የታረመበትን ቀን ስለሚያሳይ በአንድ ሌሊት ሊፈበረክ ይከብዳል።

የአሠሪው መሥሪያ ቤት ድርሻ

ይህ ሁሉ የሚሠራው ገምጋሚው ልዩነቱን ካየ ነው። የግዥ ሕጎች ተጫራች ቅሬታ እንዲያቀርብ ይፈቅዱለታል፤ ቅሬታ ግን ውሳኔን ለማስለወጥ እንጂ አሠራርን ለማሻሻል የተበጀ አይደለም። ለወደቀው ሁሉ ጉድለቱን በዝርዝር የሚነግር ደብዳቤ መስጠት፣ ከአደጋ ቁጥር ይልቅ አደጋው ከደረሰ በኋላ የተወሰደውን እርምጃ መመዘን፣ ከሰነዱ ጋር አንድ በሥራ ላይ ያለ ግንባታን በድንገት መጎብኘት የአሠሪው ድርሻ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የደኅንነት ወጪ በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ራሱን የቻለ፣ ዋጋው በፉክክር የማይቀነስ መደብ ሊሆን ይገባል። ዝቅተኛ ዋጋ ባሸነፈበት ጨረታ ርብራብን በአግባቡ ለመሥራት ያሰበ ተጫራች ካላሰበው ጋር እኩል መወዳደር አይችልም።

ይህ አስተያየት ሁለት ተቃውሞዎች ይቀርቡበታል። አንደኛው፣ ለወደቀ ተቋራጭ የሚሰጥ ዕድል በሠራተኛ ሕይወት ላይ የሚደረግ ቁማር ነው የሚል ነው። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ለሞት የሚያበቃ ጉድለት የታየበት ተቋራጭ ሳያርም ሥራ ሊጀምር አይገባም። ይሁን እንጂ በር የተዘጋበት ተቋራጭ ግንባታ አያቆምም፤ ማንም ወደማይጠይቅበት የግል ቤትና መጋዘን ሥራ ይሄዳል፤ ሠራተኞቹም አብረውት ይሄዳሉ። ሁለተኛው ተቃውሞ፣ መሥሪያ ቤቶች የሥራ ቦታ የሚጎበኝ ባለሙያ የላቸውም የሚል ነው። ይህ እውነት ቢሆንም መፍትሔው ሩቅ አይደለም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በአካባቢና ሙያ ጤናና ደኅንነት ትምህርት ይሰጣል፤ ጠዳ ራሷም የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አላት። ተማሪዎች በመምህራን እየተመሩ የአደጋ መዝገብ አያያዝን ቢደግፉ፣ ተቋራጩ ረዳት፣ ተመራማሪውም ዛሬ የሌለውን መረጃ ያገኛል። እንዲህ ያለው መረጃ በጨረታ ነጥብ ማስቀነሻ ሆኖ እንዳይውል ግን አስቀድሞ በስምምነት መታሰር አለበት፤ ካልታሰረ ደብተሩ እንደገና በዜሮ ይሞላል።

የቅድመ ብቃት ግምገማ ተቋራጭን ለመጣል ከሆነ ዓላማው፣ አሁን ያለው መጠይቅ ይበቃዋል። ሠራተኛው እንዳይወድቅ ከሆነ ግን፣ የወደቀው ተቋራጭ በምን መንገድ እንደተመለሰ መጠየቅ ይኖርበታል።