ሳሎን የገባው እንግዳ

«ልጄ የጫነው ጌም ምንም ፈቃድ አልጠየቀም፤ ታዲያ ምን ጉዳት ያመጣል?» ወላጆች ደጋግመው ይጠይቁኛል።

እንግዳ ሳሎን ድረስ ይገባል፤ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ግን አንሰጠውም። በስልካችንም እያንዳንዱ አፕ የተፈቀደለት ክፍል አለው፤ ሁሉን የሚያዘው ዋናው ሲስተም ብቻ ነው። ችግሩ እንግዳው የግድግዳውን ስንጥቅ ያገኘ ዕለት ነው።

በጥቅምት 2009 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ስንጥቅ በሊኑክስ ውስጥ ይፋ ሆነ። የአንድሮይድ ስልኮች መሠረት ይኸው ሊኑክስ ነው። ስሙን «ደርቲ ካው» አሉት፤ ቆሻሻዋ ላም እንደ ማለት ነው። ሳይታወቅ ዘጠኝ ዓመት ያህል ተቀምጧል።

ነገሩን በመዝገብ ቤት እንመስለው። ዋናው ሰነድ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም፤ መጻፍ የፈለገ ፎቶ ኮፒ ይሰጠዋል። ሊኑክስም እንዲሁ ያደርጋል። ነገር ግን አንድ ፕሮግራም «ልጻፍ» እና «ኮፒውን ጣለው» የሚሉ ትእዛዞችን በአንድ ጊዜ እየደጋገመ ሲያጣድፈው ሲስተሙ ይምታታና ጽሑፉ ዋናው ሰነድ ላይ ያርፋል። ተራው አፕ በዚህ መንገድ የቤቱ አዛዥ ይሆናል። ፈቃድ መጠየቅም አያስፈልገውም።

ጉግል ለአንድሮይድ ማስተካከያውን በኅዳር 2009 አወጣ። ሆኖም በመስከረም 2010 ትሬንድ ማይክሮ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ በዚያው ስንጥቅ የሚገባ «ዝኒዩ» የተሰኘ አጥፊ ፕሮግራም አገኘ። ከ1,200 በሚበልጡ አፖች ውስጥ ተደብቆ ነበር፤ ጌም የሚመስሉም ነበሩባቸው። ከ5,000 በላይ ሰዎች ተጠቅተዋል፤ አብዛኞቹ በቻይናና በህንድ ነበሩ። በቻይና በባለስልኩ ስም አጭር መልእክት እየላከ ሒሳብ ያስከፍል፣ ከዚያም መልእክቱን ያጠፋ ነበር።

ልብ በሉ፤ መድኃኒቱ ከተገኘ አሥር ወር አልፎታል። በሩ ክፍት ሆኖ የቆየው ባልታደሱት ስልኮች ላይ ነው። በየቤታችን ደግሞ አሮጌው ስልክ ለእናት ወይም ለልጅ ይተላለፋል፤ ማሻሻያ ይድረሰው አይድረሰው የሚያይለት የለም።

ስለዚህ ዛሬውኑ «ሴቲንግ» ውስጥ ገብታችሁ የደኅንነት ማሻሻያው መቼ እንደተጫነ ተመልከቱ። አዲስ ካለ ጫኑት። ማሻሻያ ያቆመ ስልክ ለጥሪ ያገልግል፤ የባንክ ሒሳብ ግን አይያዝበት። ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ አፕም ይቅርባችሁ፤ ልጆች ከመደበኛው የአፕ መደብር ብቻ ያውርዱ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው።