ቤት የሌለው ቤተሰብና አጭር ልብ ወለዳችን

«ቤተሰብ» የሚለው ቃላችን ቤትንና ሰውን አንድ ላይ ያሰረ ቃል ነው። ታዲያ ቤቱ ሲታጣ ሰዎቹ ቤተሰብ መሆናቸው ይቀራል ወይ? ይህ ጥያቄ ለቋንቋ መምህር ብቻ የሚተው አይደለም፤ በደብረ ማርቆስ ከተማ በሱቅ በረንዳና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር የሚያድሩትን አባት፥ እናትና ልጆች የምናይ ሁሉ ልንመልሰው የሚገባ ነው።

እኛ ተማሪዎች የምንጽፋቸው አጫጭር ልብ ወለዶች ስለ እነዚህ ሰዎች ብዙ እንባ ያፈስሳሉ። ዳሩ ግን አካሄዳቸው አንድ ዓይነት ነው፤ በምጽዋት ይጀምሩና በአንድ የክረምት ሌሊት እናቲቱ ወይም ሕፃኑ ሲሞት ያልቃሉ። በመካከል ያለው ቀን የት ገባ? ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው እንላለን።

ቀኑ ሥራ የሞላበት ነው። በረንዳው ባለቤት አለውና፥ ባለሱቁ ሳይመጣ ላስቲኩንና ካርቶኑን ጠቅልሎ መነሣት ግድ ነው። አባት ለሸክም ወደ መናኸሪያ፥ እናት ልብስ ለማጠብ ወደ ሰው ቤት ሲሄዱ፥ ትልቁም ልጅ ጫማ ሲጠርግ፥ ትንሿን ማን ይጠብቃት? ድስቱና ብርድ ልብሱስ በማን ዘንድ ይቀመጥ? የነዋሪነት መታወቂያ የቤት ቁጥር ይጠይቃል፤ ቋሚ ሥራ ደግሞ መታወቂያና ዋስ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ቤት ያጣ ሰው ቤት የሚያስገኝለትንም ሥራ ያጣል። ማታ ሲገናኙ ባልና ሚስቱ ይመካከራሉ፥ ይጣላሉ፥ ልጅ ይቆጣሉ፥ ይሥቃሉም። ይህ ሁሉ የቤተሰብ ኑሮ ነው፤ የጐደለው ጣራው ነው።

ለዚህ ዓይነቱ አጻጻፍ መነሻ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም። ብዙ አጥኚዎች የአማርኛ አጭር ልብ ወለድ በኩር አድርገው የሚቆጥሩት፥ በ1941 ዓ.ም. የወጣው «የጉለሌው ሰካራም» ደራሲ አቶ ተመስገን ገብሬ የደብረ ማርቆስ ተወላጅ ናቸው። ባለታሪካቸው ተበጀ ሰካራም ነው፤ እርሳቸው ግን ለመሣለቂያ አልተዉትም፤ የራሱን ቤት የሚመኝ ሰው አድርገው አሳዩን።

ጎጃም የሚለምነውን ሰው ማክበርም ታውቃለች። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ የሚለምነውን የቆሎ ተማሪ ማንም ሰነፍ አይለውም፤ ነገ ሊቅ እንደሚሆን ይታሰብለታልና። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የቤተ ክህነት ተማሪን ኑሮ በበዛብህ አማካይነት ጽፈውልናል። በረንዳ ላይ ለሚያድረው ልጅስ ነገን የሚያስብለት ማን ነው?

«ድርሰት ጣራ አይሆንም» የሚሉን አሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሰውን በለማኝነቱ ብቻ ያየ ሳንቲም ሰጥቶት ያልፋል፤ ባለ ቤተሰብ መሆኑን የተረዳ የመታወቂያውን ነገርና የልጁን ትምህርት ይጠይቅለታል። ስለዚህ ጸሐፊ ጓደኞቻችን ብዕር ከማንሣታቸው በፊት ቀርበው ሰላምታ ይስጡ፤ ውሏቸውን ይጠይቁ፤ ሲጽፉም ስማቸውን ይሰውሩ። መምህራኖቻችንም ድርሰታችንን ሲያርሙ፥ «ይህ ቤተሰብ ከጧት እስከ ማታ ምን ሲሠራ ዋለ?» ብለው ይጠይቁን። መልስ ያጣንበት ድርሰት ገና አልተጻፈም ማለት ነው።