መትከል ሌላ፣ ማጽደቅ ሌላ!



ክረምቱ ደርሷል። እንደተለመደው ዶማና አካፋ ይዘን ወደ ወንዙ ዳር የምንወጣበት ቀን ተቃርቧል። ከመውጣታችን በፊት ግን በግልጽ መነጋገር አለብን። በየዓመቱ እዚያ ችግኝ ይተከላል፤ በዓመቱ ደግሞ በዚያው ጉድጓድ ሌላ ችግኝ ይተከላል። ይህ ምን ማለት ነው? የአምናው ሞቷል ማለት ነው! ወንዙ ግን እኛን አይጠብቅም። ዳሩን እየናደ ወደ አጥራችን እየተጠጋ ነው። ልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚሄዱበት መንገድ ግማሹ ተበልቷል።

አንዳንድ ሰዎች «የኛ ፋንታ መትከል ነው፣ ማጽደቁ የፈጣሪ ነው» ይላሉ። ይህ የስንፍና መሸሸጊያ ነው። ፈጣሪ ዝናቡን ሰጥቷል። ላስቲኩን ማውለቅ ግን የማን ሥራ ነው?

ሌሎች ደግሞ ቁጥር ይወዳሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። እንዲህ ያለ ቁጥር ልብ ያሞቃል። ነገር ግን ችግኝ የሚቆጠረው በሐምሌ ጭቃ ውስጥ አይደለም። በሐምሌማ የአጥር እንጨትም ያቆጠቁጣል! ቁጥሩ የሚታወቀው የካቲትና መጋቢት ፀሐይዋ ስትከር ነው። በተከላው ዕለት ፎቶግራፍ ለመነሳት የሚሽቀዳደም ሰው፣ በየካቲት ጀሪካን ይዞ ሲመጣ ማየት እንፈልጋለን።

ችግኝ የሚሞተው በዕድል አይደለም፣ በእጅ ነው። አንዱ ጠዋት ተቆፍሮ ጠዋት በሚተከል፣ ጣሳ በማያስገባ ጉድጓድ ይተክላል። ሌላው ከነላስቲኩ ይቀብረዋል፤ ሥሩ እዚያው እየተጠመዘዘ ራሱን ያንቃል። ሌላው ከዝግባ ሥር የበቀለውን ቡቃያ እንደ ጎመን ጎትቶ ነቅሎ ያመጣል። ውሃ የሚጠጣው ፀጉር የሚመስለው ቀጭኑ ሥር ስለሆነ፣ እሱ ተበጥሶ ከቀረ ዛፉ በቁሙ ሞቷል። መንቀል ግድ ከሆነ ዙሪያውን ቆፍሮ ከነአፈሩ ማንሳት ነው።

ትክክለኛው አሠራር ለማንም አይከብድም። ጉድጓዱ አሁኑኑ፣ ከተከላው ሳምንታት አስቀድሞ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀትና 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይቆፈር። የላይኛው ጥቁር አፈር ለብቻ፣ የታችኛው ለብቻ ይቀመጥ። ችግኙ በዋዜማው ውሃ ይጠጣ። ስንሸከመው ከላስቲኩ እንጂ ግንዱን አንቆ መያዝ አይገባም። የተከላው ቀን ደመናማ ቢሆን ይመረጣል። ላስቲኩን በምላጭ ቀዶ፣ አፈሩ ሳይፈርስ ማውለቅ ነው። ከታች የተጠቀለለ ሥር ካለ ይቆረጥ። ጥቁሩ አፈር ቀድሞ ወደ ጉድጓዱ ይመለስ። ችግኙ በላስቲኩ ውስጥ እስከ የት ተቀብሮ እንደነበረ ታይቶ፣ በዚያው ልክ ይተከል፤ አይዘቅዝቅ፣ አይንሳፈፍ። ከዚያ ዙሪያውን በእግር ረገጥ ረገጥ አድርጎ ማጥበቅና ደረቅ ሣር ማልበስ ነው።

ምርጫውም ይታሰብበት። ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ባለውለታችን ነው፤ ነገር ግን ከሥሩ ሣር እምብዛም ስለማይበቅል ለሚናድ ዳር አይሆንም። ወይራ፣ የሐበሻ ጽድና ዝግባ ቀስ ብለው ያድጋሉ፣ ግን አገራቸው ነው። በመካከላቸው ሣር ይተከል።

«ውሃው በፈረቃ ነው፣ ለእኛም አልበቃ» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ታዲያ አትክልት ያጠብንበትን ውሃ የት ነው የምንደፋው? ሳሙናና በረኪና ያልነካው ሁሉ ለችግኝ ይሆናል። በየቀኑ አንድ ጣሳ ረጨት ከማድረግ፣ በሳምንት አንድ ቀን ግማሽ ጀሪካን ቀስ አድርጎ ማጠጣት ይሻላል፤ ውሃው ወደ ታች ሲሰርግ ሥሩም ይከተለዋል። ይህም የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ነው። ፍየልና በግ ያላችሁም እሰሩ! የአንድ ሰው ፍየል የመንደሩን ልፋት በአንድ ጠዋት ትጨርሳለች።

ስለዚህ ለጠቅላላ ስብሰባው የማቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው። ዘንድሮ ብዛት ይቅርብን። እያንዳንዱ ቤት አንድ ችግኝ ይረከብ፣ በእንጨት ላይ የቤት ቁጥሩን ጽፎ ያቁም፣ አጥር ይጠርለት። አቅመ ደካማ ያለበትን ቤት ድርሻ ወጣቶቹ ይውሰዱ። ሪፖርቱም በተከላው ቀን ሳይሆን በሚመጣው ግንቦት፣ በቆሙት ዛፎች ልክ ይጻፍ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

አሥር ተክሎ አሥር ማጽደቅ፣ መቶ ተክሎ መቶ ከመቅበር ይበልጣል!

የማኅበሩ ጸሐፊ